የዞረ ጽሑፍ በላቴክ፦ ርዕሱ ለምን ከቦታው ይሸሻል?

ዲዛይነር የሠራውን ሽፋን በላቴክ (ገጽን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያዘጋጀው ሶፍትዌር) መልሼ ስሠራ የሚያስቸግረኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው። በግራ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ርዕስ።

ምልክቱ፦ ርዕሱ 90 ዲግሪ ዞሯል፣ ግን የታሰበለት ቦታ ላይ የለም። ወይ ከገጹ ወጥቷል፣ ወይ ፎቶው ላይ ተኝቷል።

ምክንያቱ፦ በቲክዝ (በላቴክ የስዕል ጥቅል) ኖዱ፣ ማለትም ጽሑፉን የያዘው ሳጥን፣ ሲዞር አንከሩም፣ ማለትም ሳጥኑ የሚያዝበት ነጥብ፣ አብሮት ይዞራል። ኖርዝ ዌስት (ግራ ላይ) ያላችሁት ጥግ ከዞረ በኋላ ግራ ታች ይገኛል። አንከር ካልሰጣችሁት ደግሞ ኖዱ የሚያዘው ከመሃሉ ነው። ርዕሱ በረዘመ ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ያድጋል።

የአንድ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ገብቶ ነበር። ቀድሞ የሠራው ሰው አንከሩን ትቶ፣ በኤክስሺፍትና በዋይሺፍት (ወደ ጎንና ወደ ላይ በሚያንቀሳቅሱ ትእዛዞች) እየገፋ በዓይኑ አስተካክሎታል። ለዚያ ዓመት ልክ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ርዕሱ ላይ ሁለት ቃል ተጨመረ። የመጀመሪያው ቃል ከገጹ ግርጌ ወርዶ ግማሹ ተቆረጠ፤ ይህ የታየው ደግሞ ከታተመ በኋላ ነው። እባካችሁ በዓይን አትግፉ!

መፍትሄው፦ የርዕሱን መነሻ ከዋናው ፒዲኤፍ በሚሊሜትር ለኩ። በስልክ ከተነሳ የስክሪን ፎቶ ላይ ግን አትለኩ፣ ልኩ ይዛባል። ከግራ 20፣ ከታች 25 ነው እንበል። ከገጹ ሳውዝ ዌስት (ግራ ታች) ጥግ ያንን ያህል ርቃችሁ ኖዱን አስቀምጡ። ሮቴት (ማዞሪያ) 90፣ አንከር ኖርዝ ዌስት፣ ኢነር ሴፕ (የሳጥኑ ውስጥ ክፍተት) 0 በሉት። ኢነር ሴፕን ከዘለላችሁት በጽሑፉ ዙሪያ የአንድ ኤም (ከፊደሉ መጠን ጋር የሚያድግ መለኪያ) ሲሶ ያህል ክፍተት ይገባል፤ በትልልቅ ፊደል ጎልቶ ይታያል። ከዚህ በኋላ ርዕሱ ቢረዝም የሚያድገው ወደ ላይ ብቻ ነው። በኤ4 ወረቀት 272 ሚሊሜትር አላችሁ።

ሁለት የቆሙ መስመሮች ጎን ለጎን ካሉ አንከሩ ቤዝ ዌስት (ፊደላቱ የሚቀመጡበት መስመር ግራ ጫፍ) ይሁን። የፊደላት ቁመት እኩል ስላልሆነ በኖርዝ ዌስት በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይዛነፋል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ርዕሱ ሌላ ቦታ ከታየ ደግማችሁ ኮምፓይል አድርጉ (ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ)። ሪሜምበር ፒክቸር የሚለው የቲክዝ ትእዛዝ የገጹን ጥግ የሚያገኘው በሁለተኛው ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር አይታችሁ ቁጥር መነካካት አትጀምሩ።

በቲክዝ ፈንታ ሮቴትቦክስ የሚባለውን የላቴክ ማዞሪያ ትእዛዝ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ የሚዞረው በጽሑፉ ግራ መነሻ ነው። በመሃሉ እንዲዞር ኦሪጅኑን (የመዞሪያ ነጥቡን) «ሲ» አድርጉት። መስመር አይሰብርም፤ ረጅም ጽሑፍ ፓርቦክስ (መስመር የሚሰብር ሳጥን) ውስጥ ይግባ።

የአማርኛው ፊደል ጭራሽ ካልታየ ችግሩ ማዞሩ አይደለም። በዚላቴክ ወይም በሉአላቴክ (ዩኒኮድ በሚያነቡ የላቴክ ዓይነቶች) ሥሩና ፎንትስፔክ በሚባለው የፎንት ጥቅል አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ጥሩ።