ካድ (በኮምፒዩተር መሳያ) ሶፍትዌር ለትንሽ ወርክሾፕ፦ ከ«ልኩ ተዛባ» እስከ «አልከፈት አለ»

ጅማ ውስጥ ያሉ የእንጨት ቤቶች፣ የብረታ ብረት ቤቶች፣ የአሉሚኒየም ቤቶች ኮምፒዩተሩ ሲያስቸግራቸው ይደውሉልኛል። «የትኛውን የዲዛይን ሶፍትዌር ልጫን?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስልኩ የሚጮኸው ላሜራው ከተቆረጠ፣ ኤምዲኤፉ ከተበሳ፣ ደንበኛው ከተቆጣ በኋላ ነው። ነገሩን ወደ ኋላ ስከተለው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጀመረው ሶፍትዌሩ የተጫነ ዕለት ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ እኔም ከብልሽቱ ልነሳና ወደ ምርጫው ልሂድ።

ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ሃርድ ዲስኩ አለመሙላቱን ማየት፣ እነዚህን ሁሉ አድርጋችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

«ያዘዝኩት ትንሽ ሆኖ መጣ»

ከሁሉም በላይ የማየው ይሄን ነው። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ።

አንድ ክረምት ላይ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በር የሚሰራ ልጅ ጠራኝ። ለግቢ በር ጌጥ የሚሆኑ 24 አበቦች ስሎ፣ ፋይሉን አዲስ አበባ ልኮ፣ በ2 ሚሊ ላሜራ ላይ በፕላዝማ አስቆርጧል። እያንዳንዱ አበባ 45 ሳንቲም መሆን ነበረበት። በአውቶብስ የመጣለትን ካርቶን ስንከፍት አበባው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ። 45 ሚሊ። ልጁ አንዱን አንስቶ በሜትር ለካው። አገላብጦ ደግሞ ለካው። «ጋሼ፣ እኔ 45 ብዬ ነው የሳልኩት» አለኝ። አልዋሸም። ፋይሉን ከፍተን አየነው፣ 45 ይላል። በሩ ለሰርግ የሚደርስ ነበር፤ ሰርጉ ደግሞ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ አናጢውም ብረት ሰሪውም የሚያስበው በሳንቲም ነው። ሜትራችን ላይ የተጻፈው ሳንቲም ነው። ስለዚህ 45 ብሎ ያስባል፣ 45 ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ደግሞ የመጣለትን ቁጥር ሚሊ ነው ብሎ ይቆርጣል። በሁለቱ መሃል «ይሄ ሳንቲም ነው» ብሎ የሚነግረው የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቆራጮች «አር12 ዲኤክስኤፍ አድርገህ ላክ» ይላሉ። ዲኤክስኤፍ (DXF) ስዕል ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የፋይል ዓይነት ነው። አር12 (R12) የእሱ የድሮ ፎርማት ነው፤ የሚወዱትም አሮጌውም አዲሱም ማሽን ስለሚያነበው ነው። ግን አር12 ውስጥ ስዕሉ ሚሊ ይሁን ሳንቲም ወይም ኢንች የሚናገር መስመር የለም። ያ መረጃ ፋይሉ ላይ መጻፍ የጀመረው ከታዋቂው የካድ ሶፍትዌር ከአውቶካድ የ2000 ስሪት ወዲህ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌራችሁ ላይ ሚሊ ብላችሁ ብትመርጡም፣ አር12 አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ምርጫችሁ እዚያው ይቀራል። የሚሄደው ባዶ ቁጥር ነው። ሶፍትዌሩ ውድም ይሁን ነፃ ይሄ አይቀየርም።

ችግሩ ከደረሰባችሁ መጀመሪያ በስንት እጥፍ እንደተዛባ አስሉ። 10 እጥፍ ከሆነ ሳንቲምና ሚሊ ተደባልቀዋል። 25.4 እጥፍ ከሆነ ኢንች ገብቷል፤ አውቶካድ የምትጠቀሙ ከሆነ አዲስ ስዕል ስትጀምሩ «አካድ» (acad) የሚለውን ቴምፕሌት (መነሻ ስዕል) መርጣችኋል ማለት ነው። የሚሊው «አካድአይሶ» (acadiso) የሚለው ነው። 1000 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ስዕሉ በሜትር የተሳለ ነው፤ ይሄ ከአርክቴክት በሚመጣ ፋይል ላይ ያጋጥማል።

መፍትሄው ሁልጊዜ በሚሊ መሳል ነው። 45 ሳንቲም ስታስቡ እጃችሁ 450 ይጻፍ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የተሳለውን ለማስተካከል ሁሉንም መርጣችሁ በ10 አሳድጉት። ሁሉንም ስል የተደበቁትንና የተቆለፉትን ሌየሮችም (የስዕሉን ንብርብሮች) ጭምር ነው። አንዱን ሌየር ረስታችሁ ብታሳድጉት በሩ ይተልቅና የቁልፉ ቀዳዳ ጥግ ላይ እንደ ነጥብ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ይሄንንም አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ ሳጥኗ። እኔ የማስተካክለው ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ የምተዋት ነገር ናት። ባዶ ስዕል ክፈቱ፣ ከታች በግራ ጥግ 100 በ100 የሆነች አራት ማዕዘን ሳሉ፣ ውስጧ «100 ሚሊ» ብላችሁ ጻፉ። ለብቻዋ ሌየር ስጧት፣ ሌየሩንም «መለኪያ» በሉት። ይሄን ቴምፕሌት አድርጋችሁ አስቀምጡና ማንኛውንም ስራ ከዚህ ጀምሩ። ፋይሉን ስትልኩ ለቆራጩ በስልክ ንገሩት፦ «ጥጉ ላይ ያለችው ሳጥን በማሽንህ ስክሪን ላይ 100 ሚሊ ካልሆነች እንዳትቆርጥ። ካየሃት በኋላ ሌየሯን አጥፋት።» የስራውን ጠቅላላ ቁመትና ስፋትም ጽፋችሁ ላኩለት። የግቢ በር ጌጥ መሆኑን እያወቀ 45 ሚሊ አበባ ሲቆርጥ ያልጠየቀው ሰው ያስቆጨኛል። አንድ ስልክ ቢደውል ይበቃ ነበር። ግን እናንተ የእሱን ጥንቃቄ መቆጣጠር አትችሉም፤ የራሳችሁን ፋይል ግን ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የልክ ቁጥሩን በእጃችሁ አትቀይሩት! መስመሩ 700 ሆኖ ሳለ፣ ደንበኛው 720 ይሁን ስላለ ብቻ ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ 720 የሚጽፍ ሰው አለ። ወረቀቱ ላይ 720 ይነበባል፣ ማሽኑ 700 ይቆርጣል። ማሽን ጽሑፉን አያነብም፣ መስመሩን ነው የሚከተለው።

«እጀታው ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ»

መንደራ ያለ አንድ የካቢኔት ቤት 14 በር ቀለም ቀብቶ ጨርሷል። የእጀታው ሁለት ብሎኖች መሃል ለመሃል 128 ሚሊ ይራራቃሉ። ቀዳዳውን በኮምፒዩተር ስሎ፣ በኤ4 አትሞ፣ ወረቀቱን በር ላይ ለጥፎ በድሪል በሳው። በቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ርቀት 124 ሆነ። 28 ቀዳዳ፣ ያውም ቀለም በደረቀ በር ላይ።

ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው። ሲታተም «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ እንደበራ ነበር። ፕሪንተሩ የገጹን ጠርዝ ለመተው ስዕሉን ወደ 97 በመቶ አወረደው። ሲታተም 1 ለ 1፣ ወይም 100 በመቶ በሉት። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ማተሚያ ቤት ከወሰዳችሁ እዚያም ይሄንኑ ንገሯቸው፤ ሳይጠይቁ ነው የሚያስማሙት። ወረቀቱ ሲወጣ ሳጥኗን በሜትር ለኩ። 97 ከሆነች ወረቀቱን ቅደዱት።

«ፋይሉ አልከፈት አለ» ወይም «ከፈትኩት፣ ባዶ ነው»

አርክቴክቱ ከአዲስ አበባ ዲደብሊውጂ (DWG)፣ ማለትም የአውቶካድን ፋይል፣ ይልካል። እናንተ የጫናችሁት ሊብሬካድ የሚባለውን ነፃ የካድ ሶፍትዌር ነው። ሊብሬካድ የሚሰራው በዲኤክስኤፍ ነው፤ ዲደብሊውጂ ላይ፣ በተለይ አዲሱ ላይ፣ ደካማ ነው።

የፋይሉን ስሪት ለማወቅ ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቱት። ዋናውን አይደለም፣ ኮፒውን። በማይነበብ ምልክት ይሞላል፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደላት ብቻ እዩ። ኤሲ1032 (AC1032) ካለ የ2018 ፎርማት ነው። ኤሲ1027 የ2013፣ ኤሲ1021 የ2007፣ ኤሲ1015 የ2000 ነው። ከዚያ ለአርክቴክቱ «አልከፈት አለኝ» አትበሉት። «የ2007 ወይም የ2000 ዲኤክስኤፍ አድርገህ ላክልኝ» በሉት። ለእሱ የደቂቃ ስራ ነው። ስልክ ካላነሳ ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር የሚባል ነፃ መቀየሪያ አለ፤ ዲደብሊውጂን ወደ ዲኤክስኤፍ ይለውጣል።

ምርጫው የሚወሰነውም እዚህ ጋ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ስልክ ደውሉ። ቆራጩን «ምን ዓይነት ፋይል ትቀበላለህ?» በሉት። ስራ የሚሰጣችሁን አርክቴክት ደግሞ «ዲኤክስኤፍ ትልክልኛለህ?» በሉት። ሁለቱም ዲኤክስኤፍ ካሉ ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ለበር፣ ለመስኮት፣ ለታፔላ፣ ለካቢኔት ጠፍጣፋ ክፍሎች ሊብሬካድ ይበቃል። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ ሲጠፋ ስራ የማይቆምበት መሆኑ ብቻ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ኪውካድም የእሱ ዘመድ ነው፤ ነፃው ስሪት ዲደብሊውጂ አይከፍትም፣ የሚከፈልበት ይከፍታል።

ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ ስዕል) ከፈለጋችሁ ፍሪካድ አለ። እሱም ነፃ ነው፣ ለንግድም ይሆናል። ከስሪት 1.0 በታች ያለውን አትጫኑ። ያ ስሪት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነው የወጣው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ የስራውን መጀመሪያ ነካ ስታደርጉ መጨረሻው የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነበር። ፍሪካድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን የቁም ሳጥኑን ልክ ሰንጠረዥ ላይ ጽፋችሁ ከስዕሉ ጋር ካያያዛችሁት፣ ስፋቱን ስትቀይሩ ጎኑም መደርደሪያውም አብሮ ይቀየራል። አንድ ዓይነት ቁም ሳጥን በአሥር ልክ ለሚሰራ ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አውቶካድ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ነው ችግሩ። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንዴ ገዝቶ ለዘለዓለም መያዝ ቀርቷል። በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ኪራይ ነው። ስራችሁ ሁሉ ከዲደብሊውጂ ጋር ከሆነና ገቢው ከቻለው ክፈሉ። ካልቻለው አትጨነቁበት።

«ነፃ» በሚል ቃል ግን አትታለሉ። የፊውዥን የግል ስሪት ለንግድ አይፈቀድም፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ ፋይሎችንም በ10 ይገድባል። የኦንሼፕ ነፃ ስሪት ላይ የምትስሉት ሁሉ ለማንም ክፍት ነው፤ የደንበኛችሁን ቤት እዚያ አታስቀምጡ። ድራፍትሳይት ለዓመታት በነፃ ሲሰራ ቆይቶ ነፃው ስሪት በ2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አበቃ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተምራችሁ የራሳችሁን ቤት የከፈታችሁ ልጆች ደግሞ ልብ በሉ፦ የተማሪ ፈቃድ ለትምህርት ብቻ ነው። ደንበኛ ገንዘብ የከፈለበትን ስራ በእሱ አትሥሩ።

«ኤክስፕሎድ የሚለው ትዕዛዝ አልሰራ አለ»

ኤክስፕሎድ የተያያዘን ስዕል የሚበትን የአውቶካድ ትዕዛዝ ነው። ይሄ ችግር ከክራክ (ሳይገዙ ፈቃዱን ሰብረው ከሚጭኑት) አውቶካድና ከፍላሽ ጋር የሚመጣ ነው። ትናንት ይሰራ የነበረ ትዕዛዝ ዛሬ እንደሌለ ይሆናል። አውቶካዱን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይፈታውም፤ ሦስቴ ያስጫነ ሰው አውቃለሁ፣ ሦስቴም ከፍሏል።

በሽታው ያለው ከስዕሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። «አካድ ዶት ኤልኤስፒ» (acad.lsp) ወይም «አካድዶክ ዶት ኤልኤስፒ» (acaddoc.lsp) የሚባል ትንሽ ፋይል ተደብቆ ይቀመጣል። ከዚያ ፎልደር ስዕል ስትከፍቱ አውቶካድ እሱንም አብሮ ያነበዋል። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ከፎልደሩም ከፍላሹም ላይ ፈልጋችሁ ሰርዙት፤ «አካድ ዶት ፋስ» (acad.fas) ካገኛችሁም እንደዚያው። ራሳችሁ ያላስገባችሁት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ትዕዛዙን «ሪዲፋይን» በሚለው መልሱት። ከሌላ ሰው ፍላሽ ፎልደሩን በሙሉ አትቅዱ። የስዕሉን ፋይል ብቻ ውሰዱ!

ይሄ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው ሜድሬ የተባለው ቫይረስ የተጠቃሚዎችን ስዕል በኢሜይል ወደ ውጭ ይልክ ነበር፤ በብዛት የመታው ፔሩን ነው። ክራክ ስትጭኑ አንቲቫይረሱን «ለጊዜው አጥፋው» ትባላላችሁ። ሰው ጠባቂውን አባሮ የማያምነውን እንግዳ ያስገባል? ነፃና ሕጋዊ ሶፍትዌር እያለ ይሄን ሁሉ መከራ የሚሸከም ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የበርጩማው ክብ ጥርስ ጥርስ አወጣ፦ አር12 ስፕላይን (እንደልብ የሚጠማዘዝ መስመር) አያውቅም፣ ሲቀመጥ ወደ አጫጭር መስመር ይሰባበራል። በክብና በአርክ ሳሉት።

ማሽኑ አንዱን መስመር ሁለቴ ቆረጠው፦ መስመር በመስመር ላይ ተደርቧል። አውቶካድ ላይ «ኦቨርኪል» ያጠራዋል፤ ሌላው ላይ በእጅ ሰርዙ።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነ፦ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኤብሪማ አድርጉት። ለቆራጭ የሚሄድ ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ ወደ መስመር ቀይሩት።

መብራት ጠፍቶ የአውቶካድ ስዕሉ ተበላሸ፦ ከጎኑ በዚያው ስም መጨረሻው ባክ (.bak) የሚል ፋይል አለ። ኮፒ አድርጋችሁ መጨረሻውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይሩት፤ ከመጨረሻው በፊት ያስቀመጣችሁት ስዕል ይከፈታል።