የገዛ ከተማዎን በአንድ ከሰዓት በኋላ መጎብኘት

ለግማሽ ቀን ሦስት ቦታ ይበቃል። ስድስት ቦታ ያቀደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው መንገዱን ነው።

በር የሚዘጋባቸውን ያስቀድሙ። ብዙ ሙዚየሞች ከመዝጊያው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብለው ትኬት መሸጥ ያቆማሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ፣ ጭራሽ የማይከፍቱም አሉ። የስልክዎ ካርታ ላይ የተጻፈው ሰዓት ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ጠዋት ደውለው ያረጋግጡ። አደባባይና ድልድይ የትም አይሄዱም፤ ለመጨረሻ ይቆዩ።

ሰው በእግሩ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እየቆመ ሲያይ ግን ግማሹን ቢሄድ ነው። ስለዚህ መንገዱ በድምሩ ከ3 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ዳገት ካለ በታክሲ ወጥተው በእግር ይውረዱ።

ፎቶ ለማንሳት ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነውን ሕንፃ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ወደ ምሥራቅ የሚያየው በዚያ ሰዓት በጥላ ተውጧል። ጥበቃ ባለበት ግቢ ደግሞ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሐውልት ጋ ሲደርሱ ጽሑፉን ሳያነቡ አይለፉ። ድርጊቱ የተፈጸመበትና ሐውልቱ የቆመበት ዓመት ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ። ማን አቆመው? ለምን ያኔ? ከሐውልቱ ይልቅ የሚገርመው አንዳንዴ ይህ ነው። በቆዩ ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ አንገትዎን ቀና ያድርጉ፦ ምድር ቤቱ ለሱቅ እየተባለ ደጋግሞ ይታደሳል፤ የድሮው መስኮት፣ በረንዳና የተቀረጸ ዓመት የሚተርፈው ከላይ ነው።