የባልዲ ክዳን ይዛችሁ ጣና ውረዱ

ባህር ዳር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ጣና ዳር ወስጄ «ውሃው እንዴት ነው?» ስላቸው አንዱ «ጠርቷል» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ደፍርሷል!» ትላለች። የሚያዩት ግን አንድ ውሃ ነው። ዓይን የነሐሴን ድፍርስ እስከ ጥር ይዞ አይቆይም። ደብተር ላይ የሰፈረ ቁጥር ይቆያል። ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

መሣሪያው ሴኪ ዲስክ ይባላል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ክብ ነገሮችን በገመድ እያወረደ የት ላይ ከዓይን እንደሚጠፉ ለካ። ዛሬ ሐይቅ ላይ የምንጠቀምበት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ እየተደረገ የተቀባ ክብ ነው።

ነጭ የባልዲ ክዳን ፈልጉና በዚህ ልክ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ትይዩ ሩቦች በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡ። መሃሉን በስታችሁ ገመድ አሳልፉና ከላይም ከታችም በሮንዴላና በቋጠሮ አጥብቁት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የባልዲ ፕላስቲክ ከውሃ ስለሚቀል ክዳኑ ብቻውን ይንሳፈፋል። ስለዚህ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ አሸዋ ሙሉና ከሥሩ እሰሩ። አሸዋው መሃል አየር እንዳይቀር ውሃ ጨምሩበት። አየር ከቀረ ክብደቱን ይቀንስባችኋል።

ገመዱን አደራ! የመጀመሪያ ዓመት እኔ አዲስ የናይለን ገመድ በደረቁ ለክቼ ምልክት አደረግሁበት። ገመዱ እየራሰና እየተጎተተ ተለጠጠ። ዓመቱ ሲያልቅ «1 ሜትር» ያልኩት ቦታ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ልጆቹ ስንት ቅዳሜ የደከሙበትን ቁጥር ማመን አልቻልንም። እናንተ ገመዱን አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ ክብደቱን አንጠልጥላችሁ ወጥሩት፣ ከዚያ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በየወሩም በሜትር አረጋግጡት።

የምትለኩት ከጀልባ ላይ ነው። ከዳር ገብታችሁ አትለኩ፤ ዳር ባለው ሣር ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሱ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ነፋሱም ገና አልበረታም። የፀሐይ መነጽር አውልቁ። ጥላ ባለበት የጀልባው ጎን ተቀምጣችሁ ዲስኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ነጩ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ቡኒ ይሆናል፣ ከዚያ የለም። እዚያ ጋ ቁሙና ጥልቀቱን አንብቡ። ትንሽ ጨምራችሁ አውርዱ፣ ከዚያ እስኪታይ ሳቡና እንደገና አንብቡ። 84 ላይ ጠፍቶ 76 ላይ ከታየ፣ መልሱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ገመዱ ካዘመመ ክብደት ጨምሩ። ዲስኩ ሳይጠፋ መሬት ከነካ ቁጥር አትጻፉ፤ «እስከ ታች ይታያል» በሉ።

ዲስኩ ለምን ይጠፋል? ውሃ ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ ቀዩን ቀድሞ። ጣና ላይ ግን ዋናው ነገር ደለል ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የማሳ አፈር ይዘው ይገባሉ። ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትኑታል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ የተኛውን ጭቃ ሳይቀር ይቀሰቅሰዋል። አንድ ጀልባ ነጂ «መምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ብትመጪ ቁጥርሽ ሌላ ነው» ብሎኝ ነበር። ሞከርነው፤ እውነቱን ነው።

ድፍርሱ ደለል ይሁን አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር) ዲስኩ አይነግራችሁም። ለዚህ ውሃውን በጃም ጠርሙስ ቀድታችሁ መስኮት ላይ አሳድሩት። ቡናማው እየዘቀጠ ታች ይተኛል። አረንጓዴው ግን ብዙውን ጊዜ ተንሳፍፎ ያድራል። አንዳንዴ ውሃው ሦስት ቀን ቆይቶም ወተት ያለበት ሻይ ይመስላል። ያ በጣም የላመ ሸክላ ነው፤ ቅንጣቶቹ በኤሌክትሪክ ሙላታቸው ስለሚገፋፉ አይያያዙም። የተፈጨ የሽፈራው ፍሬ ጨምራችሁ አማስሉት። የፍሬው ፕሮቲን ያያይዛቸዋል፤ እንደ ጥጥ ፍትል እየተጠቀለሉ ሲወርዱ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጆቼ ጠርሙሱን ከበው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የጠለለ ውሃ ግን የሚጠጣ ውሃ ማለት አይደለም፤ ጀርሙ አለበት።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል በአንድ ሰው ዓይን ለኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውንና ያነበበውን ሰው እዚያው ጀልባው ላይ ጻፉ፤ ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ አትበሉ። የእኛ ደብተር አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 12፣ 4 ሰዓት ከ20፣ ነፋስ የለም፣ ስስ ደመና፣ ጠፋ 84፣ ታየ 76፣ ጠርሙሱ ቡናማ።»