በኦንላይን አጭበርባሪዎች እጅ የሚጥሉ ስህተቶች

በመልእክት የደረሰን ኮድ ለጠየቀ ሰው መንገር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ደዋዩ «ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ውስጥ ሊገቡ እየሞከሩ ስለሆነ እንድናግድልዎ አሁን የደረሰዎትን 6 አሃዝ ይንገሩኝ» ይላል። ሊገባ የሚሞክረው እሱ ራሱ ነው። የይለፍ ቃልዎን ቀድሞ አግኝቶ የቀረው ኮዱ ብቻ ነው፤ ኮዱ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለማይሠራ ያጣድፍዎታል። የቴሌግራምና የዋትስአፕ አካውንትም የሚነጠቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ ኮዱን የሚጠይቅዎት ብዙ ጊዜ ጓደኛዎ ይመስላል፣ የእሱ አካውንት ቀድሞ ተሰርቋልና። በሁለቱም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ፤ ኮዱን ተታለው ቢነግሩት እንኳ ሌባው ሌላ የሚስጥር ቁጥር ወይም ቃል ይጠየቃል።

ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ማመን። የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት ይቻላል። ይዝጉና ካርድዎ ጀርባ ላይ በተጻፈው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር ማጣራት ያው ወደ እሱ መመለስ ነው።

ከድረ ገጽ አድራሻ አጠገብ የምትታየውን የቁልፍ ምልክት እንደ ዋስትና መቁጠር። ምልክቷ የምትናገረው ግንኙነቱ መመስጠሩን ብቻ ነው፤ ገጹ የሌባ ከሆነ የይለፍ ቃልዎ ተመስጥሮ ለሌባው ይደርሳል። አድራሻውን ያንብቡ፤ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ተነስተው ወደ ግራ። «ባንክዎ.ማረጋገጫ-ገጽ.ኮም» የሚለው አድራሻ ባለቤት «ማረጋገጫ-ገጽ.ኮም» ነው፤ የባንኩን ስም ከፊት ማንም ሊለጥፈው ይችላል።

ገንዘብ ለመቀበል ፒን ማስገባት። የሚላክልዎት ገንዘብ ወደ ሒሳብዎ ለመግባት የእርስዎን ፒን አይፈልግም። ዕቃ ሲሸጡም የገዢውን ስክሪንሾት ትተው የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ይዩ።

የመጀመሪያዋን ትንሽ ክፍያ እንደ ማስረጃ መውሰድ። ቪዲዮ በመውደድ ገንዘብ ይገኛል የሚሉት በእርግጥም መጀመሪያ ላይ ይከፍላሉ። ቀጥሎ «ለከፍተኛ ደረጃ» ማስያዣ ይጠየቃል፤ ላውጣ ሲሉ ደግሞ «ግብር» ይመጣል። የራስን ገንዘብ ለማውጣት ቅድሚያ የሚያስከፍል ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

ተጭበርብሮ ማፈርና ማዘግየት። ስልክዎን ከሩቅ ሆነው የሚቆጣጠሩበት መተግበሪያ አስጭነውዎት ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያጥፉ፤ ከዚያ በሌላ ስልክ ባንክዎ ጋ ደውለው ሒሳቡን ያሳግዱ። የይለፍ ቃሉን በሌላ መሣሪያ ቀይረው አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ከአካውንቱ ያስወጡ። ከሳምንታት በኋላ «የጠፋ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል፤ የተጭበረበሩ ሰዎች ስምና ስልክ በአጭበርባሪዎች መካከል ይሸጣል።