ጉሩ (መንፈሳዊ አስተማሪ) ከመያዛችሁ በፊት፦ ሻክቲን መማር ለምትፈልጉ

ስለ ሻክቲ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኩንዳሊኒን (በአካል ውስጥ የተኛችውን ኃይል) እንዴት ነው የማነቃው?" ብሎ ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ "ማን ነው የሚያስተምረኝ?" በሉ።

ቃሉን እንያዝ። ሻክቲ በሳንስክሪት ኃይል ማለት ነው። በታንትራ (በሂንዱ እምነት ውስጥ ያለ የሥርዓትና የማሰላሰል መንገድ) ትምህርት ዓለምን የምታንቀሳቅሰው እንስት አምላክ እሷ ናት፤ ሺቫ የተባለው አምላክ ንጹሕ ንቃት ነው፣ ግን ያለ እሷ ጣቱንም አያነቃንቅም። "ሺቫ ያለ ሻክቲ ሻቫ ነው" ይላሉ፤ ሻቫ ሬሳ ነው። ካሊ የተባለችው እንስት አምላክ፣ አንዷ የሻክቲ መልክ፣ በተጋደመው ሺቫ ላይ ቆማ የምትሳለውን ሥዕል ካያችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ይህች ኃይል በወንድም በሴትም ውስጥ አለች። ስለዚህ "የሴትነት ኃይልሽን በ3 ቀን አንቂ" የሚል ኮርስ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ኩንዳሊኒ የምትባለውም ራሷ ሻክቲ ናት፣ በሰው አካል ውስጥ ያለችው። አከርካሪ ሥር ሦስት ዙር ተኩል ተጠምጥማ እንደተኛች እባብ ይገልጿታል። ስትነቃ ቻክራዎቹን (በአከርካሪው መስመር ያሉትን የኃይል ማዕከላት) እያለፈች ወደ አናት ትወጣና ከሺቫ ጋር ትዋሃዳለች። የቻክራዎቹ ቁጥር ግን ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ "7 ናቸው፣ አለቀ!" ብሎ ድርቅ የሚል አስተማሪ ብዙ አላነበበም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉሩው። መመርመር ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ኩላርናቫ ታንትራ የተባለው የታንትራ መጽሐፍ ራሱ የተማሪውን ገንዘብ የሚወስዱ ጉሩዎች ብዙ እንደሆኑ፣ ጭንቀቱን የሚወስዱለት ግን ጥቂት እንደሆኑ ይናገራል። ጉሩና ተማሪም እንዲፈታተኑ ያዛል። ስለዚህ ጊዜ ውሰዱ። እሱን ማን አስተማረው? ጥለውት ስለሄዱ ተማሪዎች እንዴት ያወራል፣ ይሰድባቸዋል ወይስ ዝም ይላል? (እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይቺን ነው።) በአንዳንድ የታንትራ መስመሮች ወይን፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተቆላ እህልና ሩካቤ የሥርዓቱ አካል ናቸው፣ ብዙ መስመሮች ግን በምትክ ነገር ወይም በሐሳብ ብቻ ነው የሚፈጽሙት። ይህን ጠቅሶ ከተማሪው ጋር መተኛት የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ክርክር ውስጥ አትግቡ፣ ውጡ።

ጉሩ ወንድ መሆን አለበት ያለ የለም። ታዋቂውን የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ራማክሪሽናን ከ1861 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በካልካታ አቅራቢያ ባለው የዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ ታንትራ ያስተማረችው ባይራቪ ብራህማኒ የምትባል ሴት ናት። በ1872 ደግሞ ራማክሪሽና ሚስቱን ሳራዳ ዴቪን አስቀምጦ እንደ እንስት አምላክ አመለካት። በ1886 እሱ ሲሞት እሷ ራሷ ለብዙዎች ማንትራ (የሚደጋገም ቅዱስ ቃል) የምትሰጥ ጉሩ ሆነች።

ጉሩ እስክታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? በናቫራትሪ በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች የሚነበበውን ዴቪ ማሃትምያ የተባለ መጽሐፍ አንብቡ፤ 700 ስንኝ ነው፣ እንስቷ አምላክ ጎሽ መስሎ የመጣውን ጋኔን የምትገድልበት ታሪክ እዚያ አለ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ተከታተሉ። ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ አፍኖ መያዝን ግን ለብቻችሁ አትሞክሩ። እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ፍርሃት ከመጣ አቁሙና ሐኪም አማክሩ፤ "ኩንዳሊኒ ነው፣ ቀጥል" የሚላችሁን አትስሙ።

ጉሩው ሲገኝ ዲክሻ (ወደ ትምህርቱ የመግቢያ ሥርዓት) ይሰጣችኋል፣ ማንትራውን ጆሯችሁ ላይ ይነግራችኋል፣ ለማንም አትናገሩም። ከዚያ ያንኑ ቃል በየቀኑ መድገም ነው። ብዙው ቀን ምንም አይፈጠርም።