ጎጆው ከመቀለሱ በፊት፦ የገጠር ቀበሌ ቱሪዝምን ከየት ይጀምራል?

በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ፣ ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ደጋ፣ ገበሬዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው በእግር የሚጓዙ እንግዶችን ማሳደር ጀመሩ። መንገድ የሚመራው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ጓዝ በአህያ የሚጭነው ሁሉም የአገሩ ሰው ነበር። ይህን አርአያ ለመከተል ለሚያስቡ ቀበሌዎች ምክሬ አንድ ነው፤ ጎጆውን አታስቀድሙ፤ መጀመሪያ እንግዳውን በተራ ስለ ማገልገልና ስለ ገንዘብ ተስማሙ።

ከሁሉ በፊት እንግዳው ሊያየው የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነና ማን እንደሚጠብቀው ለዩ። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ሰዎች ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሣራማ ደጋ ለዘመናት በራሳቸው ባህላዊ ደንብ ሲጠብቁት የኖሩት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዳይጠፋባቸው ብለው ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚሄድላቸው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የተረፉት በዚያ ጥበቃ ነው። የሚጠበቅ ነገር በሌለበት የሚጎበኝ ነገር አይቆይም።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በተገኙበት ስብሰባ የተራውንና የገንዘቡን ደንብ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ለመደራጀትም የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አማክሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተከራከሩ፤ ብዙ መንደር የሚጣላው በዚህ ነውና። ተራ ለባለ በቅሎና ለባለ ፈረስ ብቻ ከተሰጠ ቀድሞም የነበረው ይጨምርለታል፣ ምንም የሌላት መበለት ግን ከዳር ቆማ ታያለች። ስለዚህ ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጎጆ መጠበቅም እንደ ጭነቱ ተራና ዋጋ ይኑራቸው። የተራ መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የባለተራው ስም፣ የሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ብርና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ይስፈር። ተራውን ያሳለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስም አስቀድሞ ይወሰን፤ አለዚያ እንግዳው ከመኪና ሲወርድ አሥር ሰው ልጓም ይዞ ይከበዋል፣ እሱም ፈርቶ ይመለሳል።

የእንግዳው ወቅትና የመኸሩ አጨዳ እንደሚጋጩ አትርሱ። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ በተለይም ለገናና ለጥምቀት፣ ሰው በብዛት ይመጣል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ናቸው። ተራው በየቤቱ የጉልበት መጠን ካልተመደበ አዝመራው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጎጆውን የአካባቢው አናጺ በአካባቢው ድንጋይና ሣር ይሥራው። እንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መጸዳጃውን ነው፤ ክዳን ያለው ጉድጓድ፣ ከጎኑ አመድ የያዘ ቆርቆሮ ከነመጨለፊያው፣ በር ላይ ውኃና ሳሙና ከተገኘ ልቡ ያርፋል። የመጠጥ ውኃ በደንብ ይፍላ። ለደጋ ብርድ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አይበዛም። ምሽት ላይ ሽሮ፣ ትኩስ እንጀራና ከፊቱ ተቆልቶ የሚፈላ ቡና ከቀረበለት፣ ከከተማ የተጫነ ማካሮኒ አያስፈልገውም።

ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ፤ ማንም ያለ ደረሰኝ አይቀበል። እንግዳ የሚልኩላችሁን አስጎብኚ ድርጅቶች በጽሑፍ ውል እሰሩ፤ ለመንደሩ የሚደርሰው ብርና የሚከፈልበት ቀን በውሉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ።

በ2012 ኮሮና፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት የእንግዳውን መንገድ ዘግተውት ነበር። ስለዚህ ከየገቢው የተወሰነው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ፤ በሬውን ሸጦ የጭነት በቅሎ ሊገዛ የተነሣ አባል ካለም ከመሸጡ በፊት ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይምከረው።