ቫልቭ የተቀየረለት ሰው “ደም ማነስ አለብህ” ሲባል ምን ያስመርምር?

ሐዋሳ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ውሎዬ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ደም አንሷቸው ሲመጡ፣ ብዙዎቹ የአይረን እንክብል ይዘዋል። ደማቸው ለምን እንዳነሰ ግን የጠየቀላቸው የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ቫልቩ በተሰፋበት ጠርዝ ክፍተት ከተፈጠረ ግን ደም በዚያች ቀዳዳ በኃይል ይፈናጠራል፤ ሴሎቹም ይቀደዳሉ። ማይክሮስኮፕ ላይ ቁርጥራጭ ሆነው አያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሽንታችሁን እዩ። ጠዋት፣ በቀን ብርሃን፣ ንጹህ ብርጭቆ ላይ። የሻይ ወይም የኮካ ቀለም ካመጣ፣ በተለይ ከከባድ ሥራ በኋላ ከጠቆረ፣ ዝም አትበሉ። የዓይን ነጩ ቢጫ ካለ፣ ወይም ከአሞራ ገደል እስከ ፒያሳ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ባጃጅ መጥራት ከጀመረ፣ ያው ነው። የሽንት መጥቆር ከዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ ከሚወሰደው መድኃኒት) የመጣ መድማትም ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱና አይ ኤን አር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ምርመራ) ይታይላችሁ። ዋርፋሪኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

ሐኪሙን ስታገኙ “ቫልቭ አለኝ፣ ደሜ እየፈረሰ እንደሆነ ይታይልኝ” በሉት። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ብቻ አይበቃም። ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተመረቱ ቀይ ሴሎች)፣ ኤል ዲ ኤች (ሴል ሲፈርስ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው)፣ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ (የሴሎቹን ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ማየት) ይታዘዝ። ሃፕቶግሎቢን (ከፈረሱ ሴሎች የወጣውን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም የደሙን ቀይ ቀለም፣ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚሠራበት ቦታ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ሴል እየፈረሰ ከሆነ በጣም ይወርዳል። ሽንትም ይመርመር። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ ደም አለ ብሎ ማይክሮስኮፑ ላይ ቀይ ሴል ካልታየ፣ ሽንቱን ያቀላው ከፈረሱ ሴሎች የወጣ ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል። ይህ ርካሽ ምርመራ ብዙ ይናገራል።

ስለ ኤል ዲ ኤች አንድ ነገር ልጨምር። ቫልቩ ደህና ሆኖም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ደህና ስትሆኑ የተለካውን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ትርጉም ያለው ከዚያ ሲጨምር ነው። ደግሞ ደሙ ሲቀዳ በመርፌ ከተንገላታ ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ፈርሰው ቁጥሩን በሐሰት ይሰቅሉታል። ውጤቱ ድንገት ካሻቀበ “ናሙናው ተበላሽቶ ይሆን?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛን አያስቀይመንም፣ ድጋሚ እንቀዳለን።

ትኩሳት ካለ ነገሩ ይለያል። ሐዋሳ የወባ አገር ናት፤ ወባም ቀይ ሴል ያፈርሳል። ወባውን ተመርመሩ፣ ግን በዚያ አታብቁ። ቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ብለድ ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ይወሰድ። መድኃኒቱ ከቀደመ ባክቴሪያው ሊደበቅ ይችላል። ጡንቻ ላይ መርፌ ሊወጋችሁ ለሚመጣም ሁሉ ዋርፋሪን እንደምትወስዱ ንገሩ።

የደሙ ምርመራ መፍረስ ካሳየ ቀጣዩ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው። የብረት ቫልቭ ጥላ ስለሚጥል፣ በተለይ የማይትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው) ክፍተት በደረት በሚታየው ኢኮ ሊያመልጥ ይችላል። ጥርጣሬው ካለ በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ የት እንደሚሠራ ጠይቁና ሪፈር አስጽፉ። ክፍተቱ ቀላል ከሆነ ፎሊክ አሲድና አይረን እየወሰዱ መከታተል ይቻላል። እዚህ ላይ አይረን ቦታ አለው፤ ከፈረሱት ሴሎች ብረቱ በሽንት ይወጣልና። ከቡናና ከሻይ ግን አርቃችሁ ውሰዱት። ደም ደጋግሞ እስከ መውሰድ ከተደረሰ፣ ክፍተቱን በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስለ መዝጋት ወይም ስለ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከልብ ሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።